መጀመሪያ ማሽኑ ይፈተሽ

ማክሰኞ

እማማ የበረንዳውን በር ዙሪያውን በፕላስተር አሽገውታል። ከሥራ ስመለስ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል፤ እሳቸው ሶፋው ላይ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። በቶሮንቶ የሐምሌ ሙቀት!

ትናንት ጠዋት ሐይቁ ማዶ ባለ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰና የከተማው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ በማስጠንቀቂያ መልእክት ጮኸ። ቆይቶ ሁለተኛ መልእክት መጣ። ነፋሱ ወደኛ አይነፍስም፣ ቶሮንቶ ላይ የሚያሰጋ ጨረር የለም፣ ከጨረር ይከላከላል የሚባለውን የአዮዲን ኪኒን እንዳትወስዱ ይላል። ተርጉሜ አነበብኩላቸው። "አሁን ገና ፈራሁ" አሉኝ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ራጅ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሕንፃ ስለ ጨረር ከኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን ማን ይሰማኛል? አማቴ እማማ እንኳን አይሰሙኝም።

ማታ መሳቢያውን ስከፍት ባሌ ድሮ ለክፉ ቀን ብሎ በፖስታ ያስመጣው የአዮዲን ኪኒን የለም። እማማ ወስደው መቀነታቸው ላይ ቋጥረውታል። ከውስጡ ሁለት ፍሬ ውጠዋል። እንቅርት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ ሐኪማቸው አዮዲን ሲበዛ ልባቸውን እንደሚያስቸግር ደጋግሞ ነግሮናል። ለምን ወሰዱ ብላቸው፣ "አትውሰዱ የሚሉት ስላለቀባቸው ነው" አሉ።

ነገ የሚገዛ፦ የታሸገ ውሃ (ለእማማ፤ የቧንቧውን አልጠጣም ብለዋል)፣ ዳቦ፣ የልብ ምት መለኪያው ባትሪ።

ረቡዕ

የሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ኮሚኒቲ ሴንተሩ፣ የከተማውን መግለጫ ወደ አማርኛ እንድመልስላቸው ጠየቀኝ። በምሳ ሰዓቴ ሠራሁት። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ ልኩራ። ሊፍቱ ውስጥ ለጠፍኩት። ማታ ስመለስ ከሥሩ አንዱ በእስክሪብቶ፣ "ደርግም እንዲህ ይል ነበር" ብሎ ጽፎበታል። የአቶ ታደሰ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የአምስተኛ ፎቁ። የልብስ ማጠቢያውን ተራ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

የእማማ ልብ ምት 104። ዛሬም አንድ ውጠዋል። ክሊኒክ ደወልኩ፤ ኪኒኑን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ አርብ ለደም ምርመራ አምጪያቸው፣ ካላቆሙ ሆስፒታል ነው አሉኝ።

ጮኽኩባቸው። በትዳር ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው።

እሳቸው አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ሬዲዮው እስረኞቹ በሙሉ ደህና ናቸው ያለ ቀን እኔ ስንቅ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከእንግዲህ ለሱ አታምጪ ብለው መለሱኝ" አሉ። ስለ ባላቸው ሞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሄጄ ሰሃን አጠብኩ። በኋላ አፈርኩ፤ አሁንም እያፈርኩ ነው።

ሐሙስ

ኮሚኒቲ ሴንተሩ ስብሰባ ጠራ። እማማ መጡ። ጭንብል አድርገው፣ ከነነጠላቸው፣ ግን መጡ።

ከከተማው የጤና ቢሮ የመጣችው ልጅ ፕሪያ ትባላለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። በእጅ የሚያዝ የጨረር መለኪያ ይዛ የቧንቧ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ ላይ አስጠጋችው። አልፎ አልፎ ቲክ ከማለት በቀር ዝም፤ ያቺ ቲክ የትም ቦታ ያለች ናት። "አያችሁ?" አለች። አዳራሹ ሙሉ ሰው እጁን አጣምሮ ተመለከታት። አቶ ታደሰ ጮክ ብሎ አዛጋ።

እማማ እጃቸውን አወጡ።

ሃያ ዓመት እህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ ነበሩ። ከመግዛታቸው በፊት የራሳቸውን የኪሎ ብረት ከዘንቢላቸው አውጥተው የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሹ ነበር። ባሌ ልጅ ሆኖ በዚህ ነገር በጣም ያፍር እንደነበር ነግሮኛል። ዛሬ ተራው የኔ ሆነ።

"የኔ ልጅ፣ የተሰበረ ሚዛንም ዝም ይላል። እንደሚናገር በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ የሚታወቅ ነገር አስቀምጪበት" አሏት።

አለዝቤ ልተረጉመው አስቤ ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ። ከዚያ የረቡዕ ማታው ትዝ አለኝና እንዳለ ተረጎምኩት። ጥቂት ሰው ሳቀ። ፕሪያ ግን አልሳቀችም። "ትክክል ናቸው። መፈተሻው ቢሮ ነው ያለው፤ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ" አለች።

እቤት ስንገባ፣ "እስከ ቅዳሜ ኪኒኑን ይተዉልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። መቀነታቸውን ዳበስ አድርገው፣ "እስከ ቅዳሜ" አሉ። እሰይ። ይኼም ትልቅ ነገር ነው።

አርብ

ደም ሰጡ። ምታቸው 98። ኪኒን አልወሰዱም፤ እኔ ባለሁበት ሰዓት ማለቴ ነው። ለባሌ ደወልኩለት፤ በከባድ መኪናው ጭነት ይዞ አልበርታ ድረስ ሄዷል። "እናቴ ሚዛን ከያዘች አትለቅም" ብሎ ሳቀ። እሱ ምን አለበት።

ውሃ አልቆ ሌላ ካርቶን ገዛሁ።

ፕሪያ ባትመጣስ? ሰው ቃል ሰጥቶ ሲቀር ስንቴ አይተናል። እማማ ጠዋት ተነስተው ለብሰው ሲጠብቋት ታየኝ፤ እንቅልፍም አልያዘኝ።

ቅዳሜ

መጣች!

በበዓል ቀን እንኳን አዳራሹ ይህን ያህል ሰው ሰብስቦ አያውቅም። እማማ ለአራት ቀን የዘጉትን በረንዳ ፕላስተሩን ልጠው ከፍተው፣ በባልዲ ከተከሉት ጎመን አንድ እቅፍ ቆርጠው ይዘዋል።

ፕሪያ ከወፍራም ሳጥን ውስጥ ሳንቲም የምታክል ነገር አወጣች። ጉዳት የማታደርስ ግን ጨረር ያላት መፈተሻ ናት። መለኪያውን ስታስጠጋው እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ። ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እማማ ብቻ አንድ እርምጃ ወደ ፊት።

"አሁን ተናገረ" አሉ።

ከዚያ ጎመኑ። ቲክ። ዝም። ቲክ። የቧንቧው ውሃ፣ እንደዚያው። ቀጥሎ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። ፕሪያ ቀስ ብላ፣ መዳፋቸውን፣ ጣቶቻቸውን። ቲክ። ዝም። እማማ እጃቸውን እያገላበጡ አዩት።

"መልሰሽ ፈትሺው" አሉ። ተንጣጣ። ያን ጊዜ ጭንብላቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላማ ሰልፍ ሆነ። የልጅ ጡጦ፣ ሰላጣ፣ የሐይቅ ዓሣ፣ አንዷ ጫማዋን። እማማ ከጎን ቆመው፣ ከእያንዳንዱ ሰው በፊት ማሽኑ እንዲፈተሽ ያዛሉ። ፕሪያ ላብ በላብ ሆና ትስቃለች፤ ግን አንዴም አልዘለለችም። መጨረሻ ላይ አቶ ታደሰ አንድ ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ይዞ ቀረበ። ከተለካ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የሊፍቱን ጽሑፍ አነሳዋለሁ" አለ። አያስፈልግም፣ ከሥሩ ያየኸውን ጻፍበት አልኩት።

ስንወጣ እማማ መቀነታቸውን ፈትተው ኪኒኑን እጄ ላይ አስቀመጡት። ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

እሑድ

ስልካችን አላረፈም። ዳንፎርዝ ሰፈር ያሉ የእድር ሰዎች ሳይቀሩ ይደውላሉ፤ እኔን ሳይሆን እማማን። "በዓይኔ አይቻለሁ፤ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። ልጅቷ እናንተም ጋ ስትመጣ መጀመሪያ ማሽኑን አስፈትሹ" ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ራጅ ያነሳሁት እኔ፣ ተሰሚው እሳቸው። ይሁን። ምሳ ጎመን በላን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሰኞ

ክሊኒኩ ደወለ። ደማቸው ውስጥ የእንቅርቱ ሆርሞን ጥቂት ከፍ ብሏል፤ በሁለት ሳምንት ይደገማል። ኪኒኑን በጊዜ ማቆማቸው ጥሩ ነው አሉ። ዛሬ ምታቸው 84 ነው።

ማታ ስልኬ ላይ ከከተማው በየማታው የሚላከው የጨረር ልኬት መልእክት መጣ። አነበብኩላቸው።

"ማሽኑ ተፈትሿል ይላል?"

መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፤ እስከ ቅዳሜ አልነበረም። መለኪያዎቹ ዛሬ ጠዋት ተፈትሸዋል ይላል። ሁለቴ አነበብኩላቸው።

ተነስተው ከቧንቧው ሁለት ብርጭቆ ቀዱ። አንዱን እሳቸው ጭልጥ አደረጉት። ሌላውን ለኔ አቀበሉኝ፣ ቆመውም ጠበቁኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ለእማማ ነው እያልኩ የገዛሁትን የታሸገ ውሃ እኔም ስጠጣ ነበር የሰነበትኩት።

ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነው።