ቆልፌ የረሳሁት ድምፅ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ስፋክስ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን። «ሁላችንም» ብዬ ስጽፍ ብቻዬን እስቃለሁ። ላስዓድን አታንሺብኝ ብለሽኛል፤ ዛሬ ግን ያለ እሱ ወሬው አይወራም። በስልክ እንዳልነግርሽ ስሙን ስትሰሚ ትዘጊብኛለሽ።

ማክሰኞ ከሰዓት ባሌ ሙንጂና ወንድሙ ላስዓድ ባሕር ላይ ሳሉ ነፋሱ ተነሣ። ልጄ ኢናስ ቱኒስ ከመሄዷ በፊት አባቷን እንድሰማ ብላ ኮምፒውተሩን ሬዲዮ እንዳደረገችልኝ ታውቂያለሽ፤ መስማት እንጂ መናገር አይችልም። የሙንጂ ድምፅ መጣ፦ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ውኃ እየገባ ነው፣ ባትሪውም እየደከመ ነው። የት እንዳሉ ሊናገር ሲል ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንደ ንብ መንጋ ያለ ጩኸት ዋጠው።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፁን የሚያጠራውን ማጣሪያ ጩኸቱን በሚያስቀር፣ ጠበብ ባለ ሌላ ማጣሪያ መለወጥ ነበረብኝ። ያን አሮጌ ዕቃ አጥፍቼ ላስነሣ ብል፣ እስኪነሣ ኩስኩስ ይበስላል! ስለዚህ እየሠራ እያለ መለወጥ ሆነ። «እማ፣ መጀመሪያ የድምፁን መስመር ቆልፊ፣ አሮጌውን ንቀዪ፣ አዲሱን ቀጥዪ፣ ከዚያ ክፈቺ» እያለች ኢናስ እንደ ቁርአን ሱራ አስጠንታኛለች። ቆለፍኩ፣ ነቀልኩ፣ ቀጠልኩ።

ጭጭ አለ። ጩኸቱም ባሌም። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ አይግጠምሽ። «ሙንጂ፣ አንተ ግትር፣ ተናገር እንጂ!» እያልኩ ድምፅ ማጉያውን በጥፊ መታሁት። ጎረቤታችን ላላ መብሩካ ሰምታ መጣችና ጉንጯን ትቧጥጥ ጀመር። በቃ ሰምጠዋል አለችኝ። «ለቀስተኛ ሊመጣ አይደል? ምን ይገትርሻል፣ ክፈቺ እንጂ!»

ወደ በሩ ሄድኩ። እጄ መዝጊያው ላይ ሳለ ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ደወለ። ክፈቺ! ከፍቼዋለሁ እንዴ? ሮጬ ተመልሼ የቆለፍኩትን ስከፍት፣ ሙንጂ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከአሮጌው መብራት ቤት በስተ ምሥራቅ ነን ይላል፣ ደጋግሞ። ወደቡ ጋ ደወልኩ፤ ጀልባዎች ወጡ። ሲመሽ ሁለቱም እንደ ራሰች ድመት ሆነው ገቡ። ላላ መብሩካ ለለቅሶ የጣደችውን ድስት ለእልልታ በላነው።

ላስዓድ ግን አልበላም። ወደ ጓዳ ጠርቶኝ፣ «የመጨረሻዬ ነው ብዬ ማይኩን ነጥቄ የተናገርኩትን ሰምተሻል ወይ?» አለኝ። ተቆልፎ ነበር፣ አልሰማሁም አልኩት። እፎይ አለ፤ ቅር ያለውም መሰለኝ።

ዋሸሁት አይባልም። ከቆለፍኩ በኋላ ያለውን በእርግጥ አልሰማሁም። ከመቆለፌ በፊት ግን በጩኸቱ መሃል፣ በእሱ ድምፅ፣ አንድ ስም አምልጦ ገብቷል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺው በምትልኪልኝ ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ ትጽፊዋለሽ።

የቀረውን የሚያውቀው እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከስፋክስ ወደ እኛ የሚመጣ መርከብ አለ።

አላህ ከማዕበልም ከዝምታም ይጠብቅሽ፤ የዘጋሽውንም በሰላም ያስከፍትሽ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ