የድርሰቴ የመጨረሻ አንቀጽ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 1971 ዓ.ም.

ለማከብርዎ መምህሬ፣

እንደምን ከረሙ? ጤናዎስ እንዴት ነው? ያ በየክረምቱ የሚነሳብዎ ወባ ዘንድሮስ ማረዎ? እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደኅና ነኝ። አንዲት የጎንደር ሴት ቤት ተጠግቼ ልብስ እያጠብኩ አድራለሁ። ይህን የሚያደርስልዎ ዓሊ ነው፤ በካሮው፣ በአህያ ጋሪው፣ የሰሊጥ ጆንያ የሚያመላልሰው። የታመነ ሰው ነው። አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

ስለዚያ የጥንት ቲያትር የጻፍኩትን ድርሰት ያስታውሳሉ? ንጉሡ፣ ጠላቴ ያለው ሰው እንዳይቀበር ያዘዘበት፤ የሟቹ እህት ግን ቀብራው ራሷ የሞተችበት። መጀመሪያ ሳመጣልዎ "ይህ እጅግ አሳዛኝ ቲያትር ነው" ብዬ ጀምሬ፣ "ሕግ መከበር አለበት" ብዬ ጨርሼ ነበር። ነጥብ ሳይሰጡኝ መለሱልኝ። "አሳዛኝ" ያልኩበትን ሁሉ በቀይ ሰርዘው፣ "ማዘንሽን ተይው፤ ልጅቷ ያደረገችውን ንገሪኝ" ብለው ጻፉበት። እንደገና ጻፍኩ። ያኔ ደግሞ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ "የመጨረሻው አንቀጽሽ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው። የራስሽን አምጪ። ለምን ቀበረችው?" አሉኝ። ድርሰቱን ይዤ ተመለስኩ።

ወንድሜ ቢሻው በነገሩ ይስቅ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ በእርሻው ትራክተር እየነዳ ያሳደገኝ እሱ ነው። እራት ላይ ሳነብለት፣ "ይቺ ልጅ ሞኝ ናት። ለሬሳ ተብሎ ይሞታል? ሟቹ እኔ ብሆን ተይኝና ኑሪ ነበር የምልሽ" ይለኛል። ሆኖም "የእህቴ ድርሰት እንዴት ሆነ?" እያለ እርስዎ ዘንድ መመላለሱን አልተወም። የእጁን ግሪስ ፈግፍጎ አስለቅቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው የሚመጣው። ድርሰቱ እኔ ጋ በነበረበት ሳምንትም ይመጣ ነበር።

መጋቢት ላይ የሆነውን ያውቁታል። የአብዮት ጥበቃዎቹ ከእርሻው ወሰዱት፤ በማግስቱ ደረቱ ላይ "ፀረ አብዮተኛ" የሚል ካርቶን አስረው ገበያው ዳር ጣሉት። ማንም እንዳያነሳው፣ ማንም እንዳያለቅስ ተለፈፈ። ቤት ብቀር ለቅሶ ተቀምጣለች ይሉኛል ብዬ ትምህርት ቤት መጣሁ። እርስዎም ገብተው አስተማሩ። ልጆቹ ኋላ "የመምህሯ ልብ ድንጋይ ነው" አሉ። እኔ ግን አይቻለሁ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፉ፣ አጠፉት፣ ያንኑ ቀን መልሰው ጻፉ፣ ደግሞ አጠፉት።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ጥበቃዎቹን ዳስ ሥር ሲያስተኛቸው፣ ዓሊ ካሮውን አስጠጋ። "ያላ፣ ቶሎ በይ" አለኝ። በማሽላ አገዳ ሸፍነን ወሰድነው። ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ፣ ውኃው የደረቀውን ጅረት፣ ኾሩን፣ እንደተሻገሩ፣ በስተቀኝ ብቻዋን የቆመች ቁርቁራ አለች። ከሥሯ ነው ያለው። መሬቱ ጠንክሮብን ጥልቅ አልቆፈርንም፤ ድንጋይ ከምረንበታል። ቄስ ስላልነበረ አባታችን ሆይ ደገምኩለት፤ ዓሊም በራሱ ቋንቋ ጸለየለት። ከዚያው ወደ ቤቴ ሳልመለስ ድንበሩን ተሻገርኩ። ሳልሰናበትዎ የቀረሁት ለዚህ ነውና አይቀየሙኝ።

ለምን ቀበረችው ብለውኝ ነበር። አሁን ብጽፈው አጭር ነው። ፊቱ ላይ ፀሐይ ወጥቶበት ነበር፤ ዝንብ ወሮት ነበር። የሚያነሳው ሌላ ሰው አልነበረም። ስለ ንጉሥም ስለ ሕግም ትዝ አላለኝም። ሰው እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሳይጽፍ ቢቀር ምን ነበረበት!

አንድ ነገር ቀረኝ። ስገንዘው በደረት ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ የሴት ሻሽ አገኘሁ፤ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ። የእኔ አይደለም። ላስቀረው አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ፊቱን ሸፈንኩበት። ባለቤቱ ትቀየመኝ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ብትቀየምም ይገባታል። በዚያ በቁርቁራዋ በኩል የሚያልፍ የለም። ማንም አይሰማም፤ እንደልብ ይለቀሳል።

እግዚአብሔር እንባዎን ያብስልዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። "ተማሪዎ" ብዬ ልፈርም ነበር፤ አልሆነልኝም።

እህትዎ