ሙባሪክን ያስሮጠው አግዳሚ ወንበር

ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ቡታጅራ

ጉዳዩ፦ የፕሮስቴት ምርመራ የሚጠብቁ ወንዶች መቀመጫ ከነፍሰ ጡሮች ክፍል በር ላይ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

አሰላሙ ዓለይኩም እያልኩ፣ እኔ አመልካች የበርበሬ ነጋዴው የሙባሪክ ባለቤት ስሆን፣ አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የፕሮስቴት ካንሰር የሚገኝባቸው ወንዶች ከዓመት ዓመት እየበዙ መሆኑን የእናንተው ነርስ በእድራችን ስብሰባ ላይ አስተምራናለች። ድሮም ነበረ፤ «እርጅና ነው» እየተባለ ይቀበር ነበር እንጂ። ብዙውን የሚገድለውም አርፍዶ መምጣት ነው ብላናለች። እኛ ሴቶቹ በደንብ ሰምተናል። ወንዶቹ ግን ትምህርቱ ሲጀመር «የእድሩን ድንኳን እንይ» ብለው ወጡ።

2. የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሀቢቡ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሰው «ውኃ አብዝቼ ነው» እያለ ከርሞ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል ተባለ። አሁን ሙባሪክም መመላለስ ጀምሯል። ሲጠየቅ «ከብቶቹን ላይ ብዬ ነው» ይላል። ከብቶቹን ከሸጥናቸው ዓመት አልፏል።

3. በስንት ልመና ባለፈው ሳምንት መጣላችሁ። ተራ የሚጠበቀው ግን ነፍሰ ጡሮች በሚታዩበት በር ላይ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ነው። እዚያ ማን ተቀምጣ ብትጠብቀው ጥሩ ነው? እህቴን ሰልሚያን ለእርግዝና ክትትል ይዛ የመጣች እናቴ! ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎም የሰው አማች ነዎት፤ እንዲህ ያለ ነገር አማት ፊት እንደማይነሳ ያውቁታል። «ምነው፣ በደህና ነው?» ብትለው «እናንተን ልጠይቅ ነው» ብሎ እጇን ስሞ፣ ብርቱካን ገዝቶላት እብስ አለ። እናቴ እስካሁን «እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል!» እያለች ለጎረቤቱ ታወራለች። እኔም አላጋለጥኩትም።

4. ስለዚህ የወንዶቹ ወንበር ወደ ጓሮ በኩል እንዲዛወርልን፣ ቢቻል ወንድ ነርስም እንዲመደብበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሰው በሽታውን ትቶ አማቱን ፈርቶ አይሙት።

ወንበሩ እስኪዛወር ግን አንድ ነገር ይተባበሩኝ። ይህን ፖስታ ይዞ ፊትዎ የቆመው ራሱ ሙባሪክ ነው። ስለ ጤና መድን እድሳት መስሎታል። እናቴን ምሳ ጠርቼ ቤት አስቀምጫታለሁ፤ እዚያ አያገኛትም። የሀቢቡን ልጆች የምናሳድገው እኛ ነን፤ ሁለተኛ አባት እንዲያጡ አልፈልግም። እባክዎ፣ ሳይመረመር አይልቀቁብኝ። ካስቸገረ «አማትዎ በዚህ በኩል እየመጡ ነው» ይበሉት፤ ራሱ ሮጦ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ይገባል።

ከአክብሮትና ከብዙ ሰላምታ ጋር
ባሂራ ዑመይር
(ፊርማ)