በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ

ለውድ አባቴ ለሐጂ ሙነወር
ሐርቡ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ሰላምታዬ ለእርስዎ፣ ለወንድሜ ለሰዲቅና ወፍጮ ቤቱ ደጅ ለሚውለው ሰው ሁሉ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ ከሆነ መልስ ልስጣት ብለው ይደክማሉ። ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ኔትወርኩ እምቢ አለ» ብለው ይዘጉብኛል። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። መነጽርዎን ያድርጉ፣ ትራሱን ደገፍ ይበሉና ቀስ ብለው ያንብቡት። ማንበብ ትንፋሽ አይፈጅም።

የምጽፍልዎ ተማሪዎቼ ከሚለማመዱበት ክፍል፣ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ገሚሶቹ ጁምዓ ሄደዋል፣ ገሚሶቹ ምሳ ላይ ናቸው። ይህችን ሰዓት ያገኘሁት በስንት መከራ ነው። ዘንድሮ አሥራ ስድስት ተማሪ ሰጥተውኛል፤ አልጋው ግን ያው የድሮው ሁለት ነው።

እርስዎ ለሰው «ልጄ መርፌ የማትወጋ ሐኪም ናት» እያሉ ነው የሚያስተዋውቁኝ። ልክ ነዎት። የልብና የሳንባ ሕሙማንን በእንቅስቃሴና በአተነፋፈስ ማከምን ነው የማስተምረው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ከአልጋ ማስነሳት፣ አክታ የያዘውን በዘዴ እንዲያስል ማድረግ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ምን ያህል መራመድ እንደሚችል መለካት፤ ሥራችን ይኸው ነው። ልጆቹ አይወዱትም። ሊድያ የምትባለው ገና በመጀመሪያው ቀን «ሚስ፣ ይሄ ቸስት የሚሉት ነገር ግን ይደብራል» አለችኝ። ሁሉም የሚመኘው የኳስ ተጫዋች ጉልበት ነው፤ አክታ የሚመኝ የለም። አልፈርድባቸውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳል ስሰማ እኔም ጠግቤያለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከተማሪዎቼ መካከል በረከት የሚባል ልጅ አለ። ጨዋ ነው፣ ታላቅ ሰው ፊት እጁን አጣምሮ የሚቆም። ከሦስት ሳምንት በፊት አቶ ገብረየስ የሚባሉ ታማሚ ሰጠሁት። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው፤ ልባቸው ደክሞ፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ነው የተኙት። ተማሪው በየጠዋቱ ጠይቆ ቅጽ ላይ የሚሞላው አንድ ነገር አለ፤ ትንፋሽዎ ምን ያህል ያጥርዎታል የሚል። ዜሮ ማለት ምንም አያጥረኝም፣ አሥር ማለት ደግሞ ጭራሽ አልቻልኩም ነው። በረከት እንዴት ብሎ እንደሚጠይቅ ይገምቱ። «እንደምን አደሩ አባቴ? እንዴት ነዎት? ትንፋሽዎስ ደህና ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ ልጄ። አንተስ እንዴት አደርክ?» ይሉታል። በረከት ዜሮ ይጽፋል።

ሦስት ቀን ዜሮ ጻፈ። ሦስቱንም ቀን እኔ ፈረምኩበት። ይህን የምነግርዎ ለሌላ ሰው እንደማያወሩብኝ ስለማውቅ ነው አባዬ፤ ሰውየውን ቀርቤ አላየኋቸውም። አሥራ ስድስት ቅጽ ፊቴ ተከምሯል፣ ደክሞኛል፣ የበረከት የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ያምራል። ዜሮ ከሆነማ ደረጃ መውጣት ይጀምሩ ብዬ አዘዝኩ። በአራተኛው ቀን ልጁ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። በየደረጃው «ደህና ነዎት?» ይላቸዋል፣ በየደረጃው «ደህና ነኝ» ይሉታል። ዘጠነኛው ላይ ከንፈራቸው ጠቁሮ ቁጭ አሉ። በዊልቸር አውርደን ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገባናቸው፤ አራት ቀን እዚያ ተኙ።

አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። ወደ አልጋቸው ሲመለሱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያም «አባቴ፣ ለምን ደክሞኛል አላሉትም?» አልኳቸው። እያረፉ መለሱልኝ።

«ልጁ እንዲያ አክብሮ ሲጠይቀኝ... አሞኛል ልበለው? ደግሞ ፈተና ላይ መስሎኝ... ማርክ እንዳይቀንሱበት ብዬ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም አጠገባቸው ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። «እኔንም እንዲሁ ነው የሚለኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ ሲለኝ ኖረ።»

ባለፈው ማክሰኞ አሥራ ስድስቱንም ሰበሰብኳቸው። ማንንም አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣትም አቅም የለኝም። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ቀጥዬም «ደህና ነዎት ብላችሁ አትጠይቁ» አልኳቸው። «እሱ ሰላምታ ነው። ለሰላምታ ታምሜያለሁ ብሎ የሚመልስ ሰው የለንም። በወጉ ሰላም በሏቸው፣ ከዚያ ሌላ ነገር ጠይቁ። ሲተኙ ስንት ትራስ ይደገፋሉ? መንገድ ሲሄዱ የት ጋ ያርፋሉ? በመጨረሻ ደህና አድርገው አየር ስበው በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ጀምረው ጮክ ብለው ይቁጠሩላችሁ። ጤነኛ ሰው አርባ አካባቢ ይደርሳል። አሥር ላይ የሚቆም ሰው ደህና ነኝ ቢላችሁም አትመኑት።»

ያኔ በረከት እጁን አወጣ። «ሚስ፣ ቤተሰብ ጋ ደውለን ብንሞክረውስ?» አለኝ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም ነበርና እምቢ ልለው አልቻልኩም። ሁሉም ስልኩን አወጣ፣ ክፍሉ በቁጥር ተሞላ። የበረከት እናት እየሳቁ አርባ አራት ደረሱ። የሊድያ አባት ሃያ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?» ብለው ዘጉባት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የእኔም ስልክ እጄ ላይ ነበር። ስምዎን አውጥቼ አየሁት። አልደወልኩም።

ፈርቼ ነው አባዬ። ካወቅሁት ቆይቻለሁና።

በመውሊድ ዕለት ስደውልልዎ ዱዓ አደረጉልኝ። የእርስዎን ዱዓ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ወፍጮው ቆሞ ሰው ሁሉ ዱቄቱን እያራገፈ ሲሰበሰብ፣ ከዝናቡ ጀምረው ለከብቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለነፍሰ ጡሯ እያሉ ሲወርዱ አሚን የምንልበት ክፍተት እናጣ ነበር። እማ «ኧረ ሰውዬ፣ ለአሚኑም ቦታ ተውለት» ትልዎ ነበር፣ አላህ ይማራት። በመውሊዱ ግን «አላህ ይጠብቅሽ» አሉና ዝም አሉ። «ከክፉ...» አሉና ደግሞ ዝም አሉ። ከዚያ «ኔትወርኩ እምቢ አለ» ብለው ዘጉት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። የጎረቤት ዶሮ ሲጮህ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ወዲያው ሰዲቅን ጠየቅኩት። «አባዬ ደህና ናቸው» አለኝ፤ እሱም የእርስዎ ልጅ አይደል። ቆየት ብሎ ግን እንደ ቀልድ «አሁን አሁን ወሬ ወዳድ ሆነዋል፤ መስጊድ ሲሄዱ ሙክታር ሱቅ ቁጭ ሳይሉ አያልፉም» አለኝ። ሱቅ ደጃፍ ተገትሮ የሚውል ሰው ሲያዩ ፊትዎን የሚያዞሩት እርስዎ። ሦስተኛ ትራስም አስገዝተዋል አለኝ፤ ወገቤን ብለው። ሠላሳ ዓመት የዋጡት ዱቄት ነው ወይስ ልብዎ ነው፣ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ወገብዎ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ ሊድያ እንኳ በሁለት ደቂቃ ትደርስበት ነበር። እኔ ሰባት ሳምንት ዝም አልኩ። ሰው ስለ እርስዎ ሲጠይቀኝም «ደህና ናቸው» እያልኩ ነው የከረምኩት። ዜሮ ጽፌ ፈርሜልዎታለሁ አባዬ።

ለምን እንደሚደብቁኝ አይጠፋኝም። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ትጨነቃለች ብለው ነው። እርስዎም እንደ አቶ ገብረየስ ማርኬን እየጠበቁልኝ ነው። ይተዉት፣ ይቀነስብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ወፍጮ ቤት የመጣውን ሁሉ ሲመክሩ አድጌያለሁ፤ ምክርዎን ለራስዎ መልሼልዎታለሁ።

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ከሰዲቅ ጋር ይምጡልኝ። ሐኪሙን ለሐሙስ ይዤልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ሾፌር የፊቱን ወንበር ሊይዝልዎ ቃል ገብቶልኛል፤ ሲደክምዎ ይንገሩት፣ ያቆማል። ጋደም ማለት ካቃተዎ ወይም እግርዎ ካበጠ ግን ማክሰኞን አይጠብቁ፤ ሰዲቅ የዚያኑ ዕለት ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ይውሰድዎ። ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ታክሲ እንያዝ ብል እምቢ እንደሚሉ ስለማውቅ ትናንት ከሥራ ስመለስ መንገዱን አየሁት። ሦስት ሱቆች ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ አላቸው። በሦስቱም እንቀመጣለን፣ ወሬ ወዳድ መስለን።

አንብበው ሲጨርሱ ይደውሉልኝ። እንዴት ነሽ አይበሉኝ፣ እኔም አልልዎትም። አየር ይሳቡና ይቁጠሩልኝ። ስንትም ቢደርሱ አልቆጣም። አላለቅስም ብዬ ግን ቃል አልገባም።

አሁን ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው፣ መጀመሪያው ላይ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መጻፌን አየሁ። ልሰርዘው አልኩና ተውኩት፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይወቁበት። ደክሞኛል አባዬ። ሳልተኛ ነው የሰነበትኩት። ዱዓዎ ያስፈልገኛል።

ሲያደርጉልኝ ግን እንደ ድሮው በአንዴ ልጨርሰው አይበሉ። አንድ ቃል ይበሉና ይረፉ። በኔትወርኩ አያመካኙ፣ ስልኩንም አይዝጉብኝ። በየመሃሉ አሚን እያልኩ እጠብቅዎታለሁ።

አላህ መንገዱን ያቅልልዎ፣ ላምበረት በር ላይ በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ
ሸምሲያ ሙነወር