ሳትሰብረው የሄድከው ግዝት

ፈንታዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለያየን በመጪው ጥር አራት ዓመት ሊሞላን ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጠይቄህ መልስ ማጣቱን ለምጄዋለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ እንደተማርኩ ታውቃለህ፤ ፊደሌ ቢወላገድ እንደ ድሮው ሳቅብኝ። የምጽፍልህ በማሪቱ ደብተር ላይ ነው። ስጨርስ አጥፌ አልደብቀውም። ማንም አንስቶ ያንብበው፤ አራት ዓመት የደበቅኩት ይበቃኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ማሪቱ እኔ ያቆምኩበት ክፍል ደርሳለች፤ ቁመቷ ሊደርስብኝ ነው፣ ምላሷ ግን ድሮ ቀድሞኛል። መብራት ገብቶልናል፤ አንድ አምፖል ነው፣ እሱም ደስ ሲለው ይበራል። በቅሎህን ለወንድምህ ሰጠኋት። እንግዳ ጭና የአሸተን ማርያምን ዳገት ስትወጣ ባየኋት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፤ ልጓሟን የያዘው አንተ አይደለህማ። ሌላም አለ። በየወሩ በየቤቱ የሚዞረው የማርያም ጽዋ ወደ እኛ ተመልሷል። አንተ በሞትክ በሁለተኛው ወር ተራ ሰጡን። ወይ ሰው! ዳቦውን ቀና ብዬ ሳላያቸው ሳቀርብ ሐዘን መስሏቸው አጽናኑኝ። ንዴት ነበር።

ከባድመ ግንባር የተመለስክ ጊዜ አካልህ ሙሉ ነበር፤ አገሩ ሁሉ እልል አለ። የጎደለውን ያወቅኩት እኔ ነኝ። አረቄውን በጠዋት ትጀምረዋለህ፤ ካልጠጣህ እጅህ ኮርቻ ለማጥበቅ እንኳ አይታዘዝልህም። ስንቴ ማልክልኝ፣ ስንቴ ጠበል ገባህ። ሁለት ሳምንት ትቆይና አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ያ ጥማት ይነሣብሃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆምህ የለም።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት መስከረም ያቺ ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ መጣች። በእግሯ በገነተ ማርያም አድርጋ ወደ ሙጃ ስትሄድ ዕቃዋን የጫንክላት አንተ ነበርክ። በሁለተኛው ቀን የእጅህን መንቀጥቀጥ አየች። እኔም ጠጪ ሆኜ ልጆቼን አጥቼ ነበር፣ ብላ በአስጎብኚው አስነገረችህ። ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ የምትሠራውን፣ ዮጋ የሚሉትን፣ በስድስት ቀን አስተማረችህ። ተመልሰህ ስታሳየኝ በሳቅ ሞትኩ። የልጅ አባት፣ ያገር ሰው የሚያከብርህ ሰውዬ፣ ቁርበት አንጥፈህ መቀመጫህን ወደ ሰማይ ሰቅለህ! ምጥ የያዛት ላም መሰልክ አልኩህ። አብረኸኝ ሳቅክ፤ ግን አላቆምክም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ጓሮ ትሄዳለህ። ትንፋሽህን ትስባለህ፣ ትይዛለህ፣ ቀስ አድርገህ ትለቃለህ። ትዘረጋለህ፣ ትጎነበሳለህ፣ ላብ በላብ ሆነህ ትመለሳለህ። መድኃኒት አይደለም ትለኝ ነበር፤ የጥማቱን ሰዓት ያሳልፈኛል እንጂ። ሰዓቱ ካለፈ እራት ይደርሳል፤ እራት ከበላህ ያ ቀን አለፈ ማለት ነው። እንዲህ እያለ ሰባት ወር ሞላ። ማሪቱን ትከሻህ ላይ አድርገህ ገበያ የወሰድካት፣ ፊትህ ወዝ ያወጣው፣ እኔንም አንቺ ሴትዮ ማለት ትተህ በስሜ የጠራኸኝ በዚያ ሰባት ወር ነው። አንድ ቀን ዝናብ ሆኖ ቤት ውስጥ አንጥፈህ፣ ነይ አብረሽኝ ተንፍሺ አልከኝ፤ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ከትዳራችን ዕድሜ ኖርኩ የምለው እሱን ነው።

በኋላ ጠዋትም ትሠራው ጀመር። የጓሮአችን ደልዳላ ቦታ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፊትህ ወደ ፀሐይ ነው። እጅህን ታነሣለህ፣ ትጎነበሳለህ፣ መሬት ትነካለህ። በአጥር ያየ ሰው ምን ይበል? ፈንታው ለፀሐይ ሰገደ ተባለ። ሃይማኖቱን ለወጠ ተባለ። አንተ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ፤ እኔ አልቻልኩም። የጽዋው ተራ ሲደርሰን ቤታችንን ዘለው ለጎረቤት ሰጡት። ፊቴን የት ላግባው? ውኃ ስቀዳ እንኳ ሴቶቹ ወሬ ያቆሙብኝ ነበር።

እናም ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። የሚያደርገው ምንድን ነው ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ትንፋሹን ይቆጥራል፣ ጥማቱን ያሳልፍበታል ማለት እችል ነበር። እኔ ግን የሰፈሩን ቃል ደገምኩ፤ ለፀሐይ ይሰግዳል አልኳቸው። እያወቅኩ። አረቄውንም ይጨምሩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ በአንድ መስቀል ሁለቱንም ያሰርኩ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። አስጠርተው ሁለቱንም ገዘቱህ። ያኔ ቀና ብለህ አየኸኝ፤ እንድናገርልህ የጠበቅክ ይመስለኛል፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንድ ቃል ሳትከራከር መስቀሉን ተሳለምክ፤ ቤት ገብተህም ቁርበቱን ጠቀለልክ።

ከዚያ ወዲያ አሥር ሰዓት ሲሆን እጆችህን በጉልበቶችህ መሀል ከተህ ትቀመጥ ነበር። ጸልይ አልኩህ፤ ጸለይክ። ሰውነትህ ግን አላረፈም። በሦስተኛው ወር ጠጣህ። ያኔ ነው የነቃሁት። እግርህ ላይ ወድቄ፣ ሰው የፈለገውን ይበል፣ ያንን ነገርህን ሥራው ብዬ ለመንኩህ። የመለስክልኝ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«አንዱን ግዝት ሰብሬአለሁ፣ እናንዬ። ሁለተኛውን አልጨምርበትም።»

ግዝቱን ማስፈታት ይቻል ነበር እኮ። ሄጄ ዋሽቻለሁ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለፍልሰታ እሄዳለሁ አልኩ፤ ለመስቀል አልኩ፤ ገና ደረሰ። ሴቶቹ ሰላም ይሉኝ ጀምረው ነበርና ለዚያች ሰላምታ ሳሳሁ። ሆድህ ተነፋ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆነ፣ በጥር አለፍክ። እስከ መጨረሻዋ ቀን አንድም ጊዜ አልሠራኸውም። ሊያድንህ ይችል የነበረውን ነገር የከለከለህን ግዝት ጠብቀህ ሞትክ፤ ምነው ያንን በሰበርከው እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ።

እናትህ ግን ግዝት አፍርሶ ሞተ የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። ከቀብርህ በኋላ መነኮሱ። ገነተ ማርያም አጠገብ ትንሽ ጎጆ ይዘው በየቀኑ ስለ አንተ ይሰግዳሉ፤ ሰማንያ የደረሱ ሰው፣ አርባ ስግደት! ጉልበታቸው አብጦ በጨርቅ ታስሯል። ቅቤ ይዤ እየሄድኩ ሳሽላቸው፣ ልጄ እንቢተኛ ነበር፣ እግዜር ይማረው ይላሉ። እኔም አሜን እላለሁ። ጉልበታቸውን በእጄ ይዤ አራት ዓመት አሜን አልኩ።

በዚህ በነቢያት ጾም አልቻልኩም፤ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኖና ሰጡኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ወደ እናቱ ሂጂ አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትንፋሹንም፣ ሰባቱን ወርም፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ እውነቱን መደበቄንም። ስለምንህ የመለስክልኝን ቃል ስነግራቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«እንግዲያ ልጄ እግዜርን እንደፈራ ነው የሞተው» አሉ።

አለቀሱ። በቀብርህ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሱም። ውጪልኝ ይሉኛል ብዬ በሩን እያየሁ ጠበቅኩ። ዓይናቸውን ጠራርገው የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። ወለተ ሥላሴ ነኝ አልኳቸው። ደግመው ደጋግመው አሉት፣ እንዳይጠፋቸው። ከዚያ የጉልበታቸውን ጨርቅ አጠበቁና ተነሥተው ስለ እኔ መስገድ ጀመሩ።

ይተዉ አልኳቸው፣ አልሰሙኝም። ከጎናቸው ወርጄ አብሬ ሰገድኩ። ፈንታዬ፣ ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሁሉ ከእንግዲህ እውነቱን ይሰማል፣ ማሪቱም ጭምር። እስካለሁ አልረሳህም፤ ልርሳህ ብል እንኳ የእናትህ ጉልበት አይፈቅድልኝም።

እናንዬ