ወይዘሮ አሰፋሽ ህሩይና የሸኟቸው ሴቶች

ይህ ታሪክ ከፊደሉ እስከ አራት ነጥቡ እውነት ለመሆኑ እኔ ጸሐፊው፣ ባለቤታቸው በሱፍቃድ ቦጂያ፣ በፊታችሁ እምላለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ስለቆመ ስሕተት ቢገኝ የፊደል ነው እንጂ የነገር አይደለም።

ወይዘሮ አሰፋሽ ከአባታቸው ከአቶ ህሩይ ኣምባዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ መስከረም 14 ቀን 1951 ዓ.ም. በልደታ ሰንጋ ተራ ተወለዱ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አገለገሉ። በ1975 እኔን አግብተው ሔኖክንና ደሊናን ወለዱ።

በ1994 አብራቸው የምትሠራ ልጅ በድብቅ ፅንስ ልታስወርድ ሄዳ ሞተች። ያን ጊዜ ከጓደኛቸው ከሙፊዳ ጋር የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ስለ ሰውነታቸው ይማማራሉ፤ የተቸገረችውን ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ፤ የተሸኘችም በተራዋ ሌላዋን ትሸኛለች። በ1997 የፅንስ ማስወረድ ሕጉ ሲሻሻል የፈቀደውን በቃላቸው አጥንተው “ሰዋራ ቤት አትሂጂ፣ መንገድ አለሽ” እያሉ በየግቢው አዳረሱ።

ለእኔ ግን የሰው ገመና ነው ብለው አይነግሩኝም። ሐሙስ ሐሙስ አምረው ሲወጡ፣ ወንድ አለ አልኩ። በ1998 የእናቴን ቀሚስ ለብሼ፣ በነጠላ ተሸፋፍኜ ተከተልኳቸው። ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ለማኅበሩ ሴቶች ልጃቸው የተቸገረች እናት መሰልኳቸው። “እማማ አይዞዎት፣ ብቻዎን አይደሉም” ብለው ወንበር ለቀቁልኝ፤ አንዷማ አለቀሰችልኝ። ወይዘሮ አሰፋሽ እግሬን አይተው “እማማ፣ ጫማዎ የባሌን ይመስላል። እሱንም ያምጡት፣ ብዙ የሚማረው አለ” አሉ።

ቅናቴ ግን ባሰ። አንድ ወንድ ቢሆን ይደበደባል፤ ስልሳ ሴት ምን ይደረጋል? ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከዕቃችን ቀድመው የገቡት እነሱ ናቸው። በየደረጃው እሳቸው “እትዬ አሰፉ”፣ እኔ “የእትዬ ባል”። ስልክ ሲጮህ ጉርሻቸውን አስቀምጠው ይሮጣሉ፤ እኔ ራሴን አመመኝ ስል “ውሃ ጠጣ” ነበር መድኃኒቴ።

ሁለት ዓመት በልብ ሕመም ሲታከሙ ሴቶቹ ለማስታመም ተራ ገቡ። ለእኔ፣ ለባልየው፣ እንደ ማንም ማክሰኞ ደረሰኝ። ያረፉትም በተራዬ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እጄን ይዘው “በሱፌ” ብለው ጠርተውኝ ነው።

ከባለቤታቸው ሌላ ሁለት ልጆችንና የልጅ ልጃቸውን ቤርሳቤህን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጎን ያሳርፍልን።

አንድ ነገር ግን ፈጥሬአለሁ። ስሜን አልጠሩም። የጠሩት ሙፊዳን ነው። ሙፊዳ፣ ትናንት “ምን አለች?” ብለሽ ስታለቅሺ ዝም ያልኩሽ ቀንቼ ነው። ይኸው፣ ያንቺ ነው፤ ውሰጂው።