የትኛው ፈቃድ

አዲስ አበባ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች
ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ አጥናፉ፣
አሰብ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ ነበር የጀመርኩት። እጄ ለምዶበት ጻፈው። ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙ ከላይ ይታይሃል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ዕቃህን የሚያመጣልን ሾፌር የማነ ነገ ተመልሶ ይወርዳል፤ በእጁ እሰጠዋለሁ። ስታነበው ብቻህን ሁን።

ሩዙም ቴርሞሱም ደርሷል። እማዬ ቴርሞሱን ለሰፈሩ ሁሉ አሳይታ ጨረሰች። «የልጄ ደሙ ባይገጥም ልቡ ገጥሟል» ትላቸዋለች። ወደ አሰብ ልዛወር ብለህ ከሄድክ ገና ጥቂት ጊዜህ ነው፤ የላክኸው ዕቃ ግን መደርደሪያውን ሞላው። አታብዛ። ስትልክ ደስ ይለናል፤ ግን አታብዛ።

ከሞስኮ የወንድማችን የእምሩ ደብዳቤ መጥቷል። ጽሑፉ አጠረ። ድሮ ገጹ አልበቃ ብሎት በጠርዙ ዙሪያ ይጽፍ የነበረ ልጅ፣ አሁን ግማሽ ገጽ ይተዋል። ደሙን በመኪና ያጥቡለታል። «ከታጠብኩ በኋላ ተጨምቆ እንደተሰጣ ልብስ ነኝ» ይላል። ሐኪሞቹ ለመኪናው ተራ የሚጠብቅ ብዙ ነው፣ የአንድ እናት ልጅ ኩላሊት ቢገኝ ግን ቶሎ እንቀይርለታለን ብለውታል። ይህን ከጻፈ በኋላ ስለ እኔ ምንም አልጠየቀም። ድልድዩ ላይ ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች አሁንም አሉ ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።

አሉ። ምን ብዬ ልጻፍለት?

እማዬን ግፊትሽ ብዙ ነው ብለው የመለሷት ቀን አብረሃት ነበርክ። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ዛሬ አትሆኚም የምባለው እኔ» ብላ እስከ ሥላሴ በእግሯ መሄዷን ታስታውሳለህ። ከዚያ አንተ ለምርመራ ገባህ። ከአንተ በኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እፈራለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ቢላውን እፈራለሁ። ከቢላው በፊት የሚያስተኙበትን ነገር ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ። ተኝቼ ሳለሁ ሰዎች በላዬ ቆመው በማላውቀው ቋንቋ ሲነጋገሩ ይታየኛል። ልብስ እየሰፋሁ እጄ ሳላዝዘው ወደ ጎኔ ይሄዳል። ግራው ይሁን ቀኙ ገና አልነገሩኝም። ሁለቱንም እየነካሁ የትኛው እንደሚሄድ እጠይቃቸዋለሁ።

ስፌት ቤት ወሬው ገብቷል። ቆራጩን ደበሳይን ታውቀዋለህ፤ አሥመራ ተወልዶ ፒያሳ ያረጀው። እንደገባሁ መቀሱን አስቀምጦ፣ «ወርቄ፣ ሰው ፓስፖርት ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ ይጠናል። ያንቺ ለካ ሆድሽ ውስጥ ነበር» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ለመሆኑ ሁለት ኪስ ያለው ሰው አንዱ ቢሰፋበት ምን ይሆናል?» አለ ደግሞ።

«የሚይዘው ነገር ከሌለው ምንም» አልኩት።

«አየሽ፣ እንዲህ እየመለስሽ ሩሲያ ገብተሽ እነሱን ትጨርሻቸዋለሽ።»

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ግን ቀረብ ብሎ በዝግታ ጠየቀኝ። «በየት በኩል ነው የሚቀድዱሽ?» የአንድ ሽማግሌ አሮጌ ካፖርት ገዝቶ ለእኔ እያጠበበው ነው። አላውቅም ስለው፣ «እንግዲያስ በሁለቱም በኩል ገበሩን ለቀቅ አደርገዋለሁ። ስትመለሺ ጎንሽን እንዳይዝሽ» አለ።

ስትመለሺ ያለኝ ሰው እስካሁን እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ስትሄጂ ነው የሚለው።

ቀበሌም ሄጃለሁ። ጸሐፊው የድጋፍ ወረቀቱን ጽፎ ማኅተሙን መታልኝ፤ ወረቀቱን ግን ወዲያው አልለቀቀውም። በሁለት ጣቱ ይዞት፣ «ሄዶ የሚቀረው በዛ። አንቺ ደግሞ ሰጥተሽ ትቀሪያለሽ፣ ወይም ሳትሰጪ ትቀሪያለሽ» አለኝ።

«ልጅ አለችኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። አይናዲስ። ቧንቧው ጋ ገመድ ስትዘል አያታለሁ።»

ስሟን አልነገርኩትም ነበር። አባቷን በስድሳ ዘጠኝ፣ አይደለም፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ሊወስዱት የመጡትም ስሟን ያውቁ ነበር፤ ገና በጀርባዬ የምትታዘል ሳለች። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። አየህ፣ ዓመቱን ስጽፍ እንኳን ተሳስቼ አረምኩ።

ወረቀቱ ላይ «ለሕክምና ወደ ውጭ እንድትሄድ ፈቃድ ተሰጥቷታል» ይላል።

ይህን ቃል ያዝልኝ።

ሐኪም ቤት የገባሁት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። አንተን ያዩህ ሐኪም ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተው፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁት። ነርሷን አስወጡና በሩን ዘጉ። ስኳር፣ ግፊት፣ የወፍ በሽታ፣ ከወለድኩ ወዲህ የደረሰብኝን ሁሉ ጠየቁኝ። መለስኩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በፈቃድሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ» ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩና የቀበሌውን ወረቀት ሰጠኋቸው።

አዩት። መልሰው አጠፉት።

«ይህን አይደለም የጠየቅሁሽ፣ ልጄ።»

«ማኅተም አለው» አልኳቸው። «ቀኑም አላለፈም።»

አልሳቁም። ሌላ ወረቀት የጎደለኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የእማዬን መታወቂያ ሁሉ አወጣሁ። እጄን በእጃቸው ያዙና፣ «ፈቃድ ያልኩሽ ያንቺን ነው። አንቺ ትፈልጊያለሽ ወይ? ማንም አስገድዶሽ፣ ወይም አልቅሶብሽ፣ ወይም አፍረሽ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እማዬ እንኳን አልጠየቀችኝም፤ «ፈቃዱ ከሆነ ትሰጪዋለሽ» ነው ያለችኝ፤ እሷ ፈቃድ የምትለው የእግዜርን ነው። ቀበሌ የሰጠኝ ፈቃድ አለ፣ የእግዜርም ይኖራል። የእኔን ስፈልገው አጣሁት። የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ወረቀቶቹን ወደ ቦርሳዬ መመለስ ስጀምር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳልጠይቅ ደም አልቀዳም፤ የማንንም። አልፈልግም ካልሽ ደምሽን አልነካውም። ለወንድም መሆን አትችልም ብዬ እጽፋለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልናገርም። እናትሽም ወንድምሽም ደሟ አልገጠመም ነው የሚሉት። ነውር የለበትም። ሰው ሊፈራ ይችላል።»

ነውር የለበትም አሉ። እኔም አምናቸዋለሁ።

እንዴት ደግ ሰው ናቸው። መውጫው እኮ ክፍት ነበር። ወጥቼ ቤት ለምትጠብቀኝ እማዬ «አልገጠመም አሉ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበር። ጣዕሙን አውቀዋለሁ።

«አዎ» አልኩ።

በምን እንዳልኩት አልነግርህም፤ እኔም አላውቅም። ስንጠየቅ አዎ ማለት ለምዶብን ይሆን? በስብሰባው እጅ አውጡ ሲሉን እንደምናወጣው? ወይስ እምሩ ብርቱካኑን አስታውሶ፣ ልጅ ሳለ አንዱን ብርቱካን ለሦስት ስንከፍለው ትንሹን ራሱ ይወስድ የነበረው ትዝ ብሎኝ? ሐኪሙ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ነርሷን ጠሩ። ደሜን ቀዱ። ጥጥ አድርገው በፕላስተር ለጠፉልኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ይወስዳል አሉኝ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጥጡን ሳየው ቆየሁ። ዳሩ ነጭ፣ መካከሉ ትንሽ ቀይ።

በኅዳር በዚያው አግዳሚ ላይ አንተን የጠበቅኩህ እኔ ነበርኩ። ፀሐይ ነበር። የሸሚዝህ እጅጌ እስከ አንጓህ እንደተቆለፈ ነው የወጣኸው፤ ጠዋት እንደተኮስኩልህ፣ መስመሩ እንኳን አልተሰበረም። «አልገጠመም አሉ» አልከኝ፣ ወዲያው። ከዚያ ፒያሳ ኬክ ቤት አስገባኸኝ፤ የአንተን ኬክ ሳትነካው ለአይናዲስ አስጠቀለልክላት።

ስለ እጅጌው የማነሳው ተኩሱ አምሮብህ ስለነበር ነው።

ደምህ አልገጠመም። ወረቀቱ እንዲያ ይላል፤ እኔም እንዲያ እላለሁ፤ ለእማዬም፣ ለእምሩም፣ እስከምሞት።

የእኔ ውጤት ገጥሟል። የቀረውን ሞስኮ ያጣራሉ። መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጥተው ራጅ አንስተውኛል፤ አንዳንዱ ሰው አንድ ኩላሊት ብቻ ይዞ ይወለዳል፣ ሳያውቀው ይኖራል፣ እንዲህ ያለው አይሰጥም አሉኝ። ፊልሙ እስኪወጣ አንድ ብቻ በሆነች እያልኩ ነበር። ባለ ራጁ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ሁለቱም አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ያለ ዋስ አያሳፍሩኝም። ዋሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም። ደበሳይ እኔ እሆናታለሁ ብሎ ቀበሌ ድረስ መጥቶ ነበር። ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «አንተ ለራስህስ ማን ይዋስሃል?» አለው። ደበሳይ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስፌት ቤት ቀልድ የለም።

የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነ ዘመድ ከአንተ በቀር የለንም። አይናዲስንም የምተውላት ሰው የለኝም፤ እማዬ ጉልበቷ አልቋል። ጥር ሳያልቅ ብትመጣ፣ ብትፈርምልኝ፣ እስክመለስ ልጄን ቧንቧው ጋ ብቻዋን ባትሰዳት።

ሁሉንም ልንገርህና ልጨርስ። ካልመጣህ አልሄድም። ካልሄድኩ ደግሞ ማንም አይወቅሰኝም፤ ዋስ አጣች፣ ምን ታድርግ ነው የሚባለው። ለካ ለእኔም ሰበብ ተዘጋጅቶልኛል። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ወንድም ጋሼ፤ ልብስ እየተኮስኩ ነበር፣ ካውያውን አቆምኩት። እምሩ ያን ጊዜ መኪናው ላይ ተኝቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ነው ከቢላው ይልቅ ራሴን መፍራት የጀመርኩት።

ሞስኮም ከማስተኛታቸው በፊት እንደገና ይጠይቁሻል ብለውኛል፤ በአስተርጓሚ። በእነሱ ቋንቋ የቀበሌውና የሰው የራሱ ፈቃድ አንድ ቃል ይሁን ሁለት አላውቅም። ያን ጊዜ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ግን እዚያ ድረስ መሄድ እፈልጋለሁ። መጠየቅ እፈልጋለሁ። ለአሁኑ ያገኘሁት ይህችን ያህል ነው።

አንተም አንድ ነገር ስጠኝ። ደም አይደለም።

መሥሪያ ቤትህን ፈቃድ ጠይቀህ ና። እነሱ ቢሰጡህም፣ ያለ ሌላው ፈቃድ እንዳትመጣ። የትኛውን እንደምል ታውቃለህ። ብትቀር አልቀየምህም፤ አለመቀየሜን ግን እፈራለሁ።

ሥላሴ ከባሕሩ ወበቅም ከልብ ወበቅም ይከልሉህ። እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች። አይናዲስ ጥርሷ መነቀሉን ጻፊለት ብላኛለች፤ አልፈራሁም በይው ትላለች፤ ፈርታ ነበር።

አክባሪ እህትህ
ወርቅአፈራሁ

የዚያን ማክሰኞ ክንዴ ላይ የነበረውን ጥጥ እማዬ ሳታየው አንስቼ ከድልድዩ ጣልኩት። እጅጌዬንም እስከ አንጓዬ ቆልፌ ነው ቤት የገባሁት፤ የተቆለፈ እጅጌ በማንም ላይ እንዳይመሰክር።